ልብስ ሰፊው ሁሉ ሙሉ

የዚያ መንደር ልብስ ሰፊ ሁለት መጠሪያ ነበረው። ከጥንት የሚያውቁት «ሰፊው» ይሉታል። የፀሐይ መብራት ማመንጫው፣ ሶላሩ፣ ከተተከለ ወዲህ የመጡት ደግሞ «ሁሉ ሙሉ» ነው የሚሉት። ይህን ሁለተኛውን ያወጣችለት ጎረቤቱ ባለወፍጮዋ ናት፤ ስታወጣለትም ለፍቅር ብላ አልነበረም።

ቤቱ ከሶላሩ አጥር አራተኛው ነው። ድሮ ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስታወት ለብሷል። መስታወቱ ጠዋት ፊቱን ወደ መውጫዋ አዙሮ ፀሐይን ይቀበላል፣ ከሰዓት ቀስ እያለ አንገቱን ያዞርና እስክትጠልቅ ድረስ ይሸኛታል። መጀመሪያ ሰሞን መንደርተኛው ሥራ ፈትቶ ቆሞ ያየው ነበር። «እንዲህ አክብሮ የሚሸኝ አማች እንኳ አላጋጠመኝም» ብሎ ነበር ሰፊው። ከዚያ ሜዳ የሚወጣው መብራት በትልልቅ የብረት ማማ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሰፊው ጣሪያ አናት አልፎ፣ እዝዝዝ እያለ ወደ ከተማ ይሄዳል። መንደሩ ውስጥ ግን አንድ አምፖል አይበራም። ሰፊው የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ፣ በከሰል ካውያ እየተኮሰ፣ ሽቦው ሲያጉረመርም በሰማ ቁጥር ቀና ይልና «ደህና ግባ!» ይለዋል፣ እንደ መንገደኛ።

ባለወፍጮዋ ግን እንዲህ ያለው ጨዋታ አይጥማትም። የናፍጣ ወፍጮዋ አንድ ቀን ሲፈጭ ሁለት ቀን ይስላል። በየመንገዱ እየቆመች፣ «ሜዳው የኛ፣ ፀሐዩ የኛ፣ የመኪናው አቧራ የኛ። መብራቱ ብቻ የሰው!» ትላለች። ይህን ብላ ስትጨርስ ዓይኗን ወደ ሰፊው ቤት ወርወር ታደርጋለች። ምክንያት ነበራታ።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የመብራት መሥሪያ ቤቱ፣ በሶላሩ ዙሪያ ላሉ መንደሮች መብራት ላወርድ ነው፣ የሽቦ መሸከሚያው ፖል ግን ለሁሉም አይበቃምና በጣም ከተቸገረው እጀምራለሁ አለና አንዲት ፎርም የያዘች ወጣት ላከ። መንደሩም ተሰብስቦ ሰፊውን ቃል አቀባይ አድርጎ መረጠ። ለምን ቢሉ፣ ኮቱ ንጹሕ ነው፣ ንግግሩ ለስላሳ ነው፣ ሰው ፊት አይሰክርም። የቀረውን አላሰቡትም። ሰፊው ከአምስት ቤት ወንበር ተዋሰ፤ ብርጭቆ ከባለወፍጮዋ፣ በባትሪ የሚሠራ መብራት ከሶላሩ ዘበኛ፤ የጠረጴዛ ልብሱን ራሱ ተኮሰው። ባለፎርሟ ስትገባ ሰርግ ቤት የገባች ነው የመሰላት።

«አባቴ፣ መብራት አላችሁ?» አለችው።

«ጨለማ ውስጥ እንኳ አይደለንም፣ ተመስገን።»

እንግዳ ፊት፣ ያውም ከሩቅ መንገድ የመጣች የሰው ልጅ ፊት፣ ጉድለት መዘርዘር ነውር ሆነበት። ገና ሻይዋን አልጨረሰችም እኮ!

«ውሃስ? ይቸግራችኋል?»

«እግር ላለው ሰው ምን ሩቅ አለ?»

«እህልስ የት ታስፈጫላችሁ?»

«እዚሁ ነው። ባለወፍጮዋ መልካም ሰው ናት።» ወፍጮው ያን ዕለት ከቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

«ታዲያ ዋናው ችግራችሁ ምንድን ነው?»

ሰፊው አሰበ። እውነትም አሰበ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እርስዎ በሰላም ከገቡልን ምን ችግር አለብን? ሁሉ ሙሉ ነው!» አላት። እሷም እንደነገራት ጻፈች፣ አስፈረመችው፣ ተሰናብታ ሄደች። በስድስት ወሩ ፖሎቹ ከኮረብታው ማዶ ላለው መንደር ተተከሉ። የማዶዎቹ ቃል አቀባይ ባለፎርሟን የተቀበላት አልጋ ላይ ተኝቶ እየሳለ ነው አሉ። ሳሉ የእውነት ነበር የሚሉ አሉ፤ ባለወፍጮዋ ግን እስከ ዛሬ አታምንም።

ሰፊው በስሙ ተናድዶ አያውቅም። «ሁሉ ሙሉ!» ብለው ሲጠሩት «አቤት!» ይላል፣ ደስ ብሎት። ነገሩ የቆረቆረው ልጁ ከተማ ስፌት ተምራ የመጣች ጊዜ ነው።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ልጅቱ ስትመለስ በመብራት የሚሠራ የስፌት መኪና ይዛ መጣች። መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፣ ራሷ የሰፋችለትን ጨርቅ አለበሰችውና ቁጭ አለች። መኪናውም ቁጭ አለ። ሰፊው በየጠዋቱ ጨርቁን ገልጦ አቧራውን ያብስለታል፣ መልሶ ያለብሰዋል። አንድ ቀን ከከተማ ከትልቅ ስፌት ቤት ደብዳቤ መጣ፦ ነይ፣ ቦታ አለ፣ እስከ ሰኞ ካልመጣሽ ለሌላ እንሰጠዋለን ይላል።

«አባባ፣ ልሂድ?» አለችው ደብዳቤውን እንደያዘች።

«ሂጂ እንጂ! ለኔ ነው የምታስቢው? እኔ ምን ጎድሎኝ!»

ይህን ብሎ መርፌና ክር አነሳ። ክሩን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሰባት ጊዜ ሞከረ። ልጅቱ ጥቂት ቆማ አየችውና ቦርሳዋን ከአልጋው ሥር ጎተተች።

በማግስቱ ባለወፍጮዋ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። ዱቄት ከቅንድቧ ላይ አልረገፈም።

«ስማ፣ ቅዳሜ ትመጣለች» አለችው።

«ማን?»

«ያቺ ሻይ እያጠጣህ ያሳትካት ልጅ! ስንት ደብዳቤ ጽፌ፣ ስንት ደጅ ጠንቼ። ይስተካከልላችሁ ብለዋል።»

«እሰይ! እንግዲያው አንቺ ተናገሪ። አፍ እንደሆነ አላነሰሽም።»

«እኔማ በተናገርኩ! ቃሉን ያስመዘገበው ሰው ራሱ ካላስተካከለ አይሆንም አሉኝ። የፈረምከው አንተ ነህ። ስለዚህ ዛሬ ማማረር ትማራለህ፤ ተነስ!»

ሰፊው ወደ ልጁ ዞር አለ። እሷ ስፒል በከንፈሯ ይዛ አንገቷን ደፍታለች። ቅዳሜ ነገሩ ከሰመረ መብራት ይመጣል፤ መብራት ከመጣ ያ መስኮት ሥር ያለው መኪና ይዞራል፤ መኪናው ከዞረ ከተማ መሄድ ምን ያደርጋል? ይህን ሁሉ በሆዱ አለ። በአፉ ግን «እሺ» ብቻ ነው ያለው፣ ከወንበሩም ተነሳ።

«በል፣ ‹ቸግሮናል› በል።»

«ትንሽ ቸግሮናል።»

«‹ትንሽ› የምትለዋን ጣላት!»

«ቸግሮናል… ግን ምንም አይደል።»

«ኡኡቴ! ‹ግን›ንም ጣላት!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሁሉንም ካስጣልሽኝ ምን ቀረኝ?»

«ችግሩ!»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት፤ ስፒሎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ሦስቱም ተንበርክከው ስፒል ሲለቅሙ፣ ባለወፍጮዋ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ትምህርቱን አላቋረጠችም። «ዓይንህን በጨው ታጠብ። ሴትዮዋ እንግዳ አይደለችም፣ ጆሮ ናት። ጆሮን ሻይ አያጠጡትም።»

«ውሃ እንኳ ላቅርብላት?»

«ያቺ ውሃ ከየት እንደመጣች ከነገርካት፣ አቅርብ።»

አርብ ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ባለወፍጮዋ፣ ነገ ማንም ደህና ልብስ ለብሶ እንዳይታይ ብላ በየቤቱ አስጠንቅቃ ኖሮ፣ መንደሩ ሳጥኑን ገልብጦ ቢፈልግ ቢፈልግ የተቀደደ ልብስ ጠፋ። ከየት ይገኛል? አርባ ዓመት ሙሉ ሰፊው ቀዳዳ ባየ ቁጥር ሰውየውን መንገድ ላይ አስቁሞ ሲጥፍ ኖሯል! ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ኮት፣ አንዷ ቀሚስ፣ አንዱ ሱሪ ይዟል።

«ጋሼ፣ ይቺን ጉልበቷን ተርትርልኝ።»

«እኔ ብብቱ ይበቃኛል።»

«ለኔ ከኋላ በኩል፣ ግን እፍረት በማይደርስበት።»

ሰፊው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ የገዛ ስፌቱን፣ ያን የደቃቃ ድመት ጥርስ የመሰለ ስፌቱን፣ እንዲፈታ ዘርግተው ሲሰጡት ደሙ ፈላ። ሲቆጣ ያየው ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን አዩት።

«መርፌዬን አታዋርዱት! ያለን ችግር አይበቃም? የሌለንን ልስፋላችሁ? ነገ ሁላችሁም ያላችሁን ለብሳችሁ ትመጣላችሁ። አንተ ደግሞ ያቺን የላላች ቁልፍ ወዲህ አምጣት፣ ላጥብቃት።»

ባለወፍጮዋ ከበሩ ማዶ ሆና፣ «ያለንን ከተናገርክማ እኔስ ምን እላለሁ!» አለች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባለፎርሟ መጣች። ያቺው ናት፤ ጥቂት ወፈር ብላለች፣ መነጽር አድርጋለች። ሰፊው ወንበር መዋስ ተከልክሎ ስለነበር የሥራ መቀመጫውን ሰጣትና እሱ ቆመ። መቀመጫው ሻካራ ነው። አላስችል ቢለው ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ አነጠፈላት። ባለወፍጮዋ ጥርሷን ነከሰች። መንደርተኛው በሩንና መስኮቱን ሞልቶ ቆሟል። ልጅቱ ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ከለበሰው መኪናዋ አጠገብ ናት።

«አባቴ፣ እንደምን ከረሙ? ያኔ ያጠጡኝን ሻይ አልረሳሁትም» አለች ባለፎርሟ። ሰፊው እንዲህ ሲባል በቃ፣ ቀለጠ። «እንግዲህ ከላይ ልጀምር። መብራትን በተመለከተ…»

«ተመስ…»

ባለወፍጮዋ እግሩን ረገጠችው።

«ጨለማው… ለምደነዋል» አለ።

ከበሩ በኩል የብዙ ሰው ትንፋሽ እንደ ጎማ ሲወጣ ተሰማ።

«ውሃስ?»

«ሴቶቹ ጎበዞች ናቸው።»

«ወፍጮስ?»

ሰፊው ባለወፍጮዋን አየ። ባለወፍጮዋ በዓይኗ ለመነችው፣ ከዚያ በዓይኗ ሰደበችው። «ወፍጮውም… ሲሠራ ይሠራል» አለ። መናገር እየፈለገ ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ይሉኝታ በር ላይ ቆሞ አላሳልፍም ይለዋል።

ባለፎርሟ እስክሪብቶዋን አወረደች። አዝናለች። «አባቴ፣ የሚለወጥ ነገር ከሌለ እንግዲህ ያው ያለፈው እንዳለ ይጸናል ማለት ነው። አንዲት የቤተሰብ ጥያቄ ቀርታኛለች፣ እሷን ሞልቼ ልሂድ። እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«ሁለት።»

ጻፈች። ሰፊው ስትጽፍ አያት። ሁለት ቁጥር ወረቀቱ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

«እስከ ሰኞ» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ሁለት ነን። እስከ ሰኞ። ሰኞ አንድ እሆናለሁ።»

ሽቦው ብቻ ከጣሪያው በላይ እዝዝዝ ይላል። ሰፊው ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ዛሬ «ደህና ግባ» አላለውም።

«ይሰሙታል? ይህ መብራት ነው። ከዚህ፣ ከደጄ ተነስቶ ከተማ ይሄዳል። ልጄ መኪና አላት፣ ያውልዎ፣ ጨርቅ ለብሶ እንደ በሽተኛ ተቀምጧል። ሰኞ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ እዚሁ ጣሪያዬ ላይ ያለፈውን መብራት ተከትላው ልትሄድ ነው። እኔ አባቷ ቆሜ ሁለቱንም ልሸኝ! ይህ ነገር ልክ ነው? ይንገሩኝ እስቲ። ቸግሮናል። ትንሽ አይደለም። ግንም የለውም።»

ባለወፍጮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አንዴ በሩ ተከፈተ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይዝጋው? ሰፊው የስድሳ ሦስት ዓመት ዝምታውን ዘረገፈው። የከሰል ካውያው ፍንጣሪ የሙሽራ ቀሚስ እንዴት እንደበሳበት፤ አዋላጇ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ በስልክ ብርሃን እንዴት እንደምታዋልድ፤ መስታወቱን ሊያጥብ በየሳምንቱ የሚመጣው የውሃ ቦቴ ውሃ በተሸከሙት ሴቶች ጀርባ ላይ አቧራ እያለበሰ እንዴት እንደሚያልፍ። «መስታወቱ ከኛ በላይ ይታጠባል!» አለ። ከዚያ ስለ ስልኩ ነገራት። መንደሩ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው በአጥሩ ቀዳዳ ለዘበኛው እየሰጠ ነው። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ ችግሩ ስልኮቹን ቀላቅሎ ይመልሳል። «አንድ ጊዜ የዚህችን የባለወፍጮዋን ስልክ ይዤ ሄጄ፣ ከአማቷ ጋር ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ሴትዮዋ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። ለምን እንደምናለቅስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

«አንተ ነበርክ እንዴ?» አለች ባለወፍጮዋ።

«አንቺም ብትሆኚ ወፍጮሽ ድንጋይ ይቀላቅላል! ጥርሴን የሰበርኩት ባንቺ ዱቄት ነው!»

«ምን አልክ አንተ?»

«ያለንን ተናገር ብለሽ የለም? ልጄ፣ ይጻፉት። ድንጋይ።»

ባለፎርሟ ገጽ ታገላብጣለች። መነጽሯ ሁለቴ ወደ አፍንጫዋ ወረደ፣ ሁለቴ መለሰችው። ሰፊው ወደ ጉልበቱ ሕመም ሲሻገር ግን እጇን አነሳች።

«አባቴ፣ ፎርሙ ለጉልበት ቦታ የለውም።»

«ግድ የለም፣ ከጎኑ ያድርጉት።»

ከጎኑ አደረገችው። ስትጨርስ ገጾቹን ቆጠረች። «የማዶው ሰውዬ ሁለት ገጽ ነበር። እርስዎ ስድስት ሆነዋል» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እውነቱን ነገረችው። እሷ ጻፊ ናት እንጂ ሰጪ አይደለችም። ተራው ከደረሳቸው ፖሉ ከዝናቡ በፊት ይተከላል፤ ካልደረሳቸው ሌላ ዓመት ነው። «ብቻ ‹እስከ ሰኞ› ያሏትን እንዳለች ነው የጻፍኳት፣ አንዲት ፊደል አልነካሁም።» ሰፊው ፈረመ። ፊርማው የመጀመሪያውን አልመሰለም።

መንደርተኛው እየዘፈነ ሸኛት። ባለወፍጮዋ ሁለት ጊዜ ትከሻውን መታችው፤ አንዱ ለምስጋና፣ አንዱ ለድንጋዩ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ልጅቱ ጥግዋን ሳትለቅ፣

«አባባ» አለችው።

«ወይ።»

«እኔ ስጠይቅህ ‹ምን ጎድሎኝ› ነው ያልከኝ።»

«አንቺ መቼ ፎርም ይዘሽ መጣሽ!»

ሊያስቃት ነበር። አልሳቀችም። እሑድን ሁለቱም ሲተላለፉ ዋሉ። እሱ ቅሪ ሊላት አስቦ፣ ተስፋ እንጂ ፖል በእጁ የለም፣ ልጅን በተስፋ ማሰር ደግሞ ግፍ ነው ብሎ ተወው። እሷ የምታስበውን አላወቀም።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ሰፊው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ጨርቅ ይቆርጣል። ቦርሳዋ ከአልጋው ሥር መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየት ይችል ነበር፤ አላየም። አውቶቡሱ ከመንገዱ መታጠፊያ ሲያጓራ ሰማ። ሲቆም ሰማ። በሩ ሲዘጋ፣ ማርሽ ሲቀይር፣ ቁልቁል ሲወርድ ሰማ። መቀሱን አላቆመም፤ ቢያቆም ምን እንደሚሰማው ስላወቀ ቆረጠ፣ ቆረጠ፣ ቆረጠ።

«የምን ጨርቅ ነው እንዲህ የምታሠቃየው?»

ዞሮ አየ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች፣ እግሯ አቧራ በአቧራ።

«አውቶቡሱ ሄደ እኮ!» አላት።

«አውቃለሁ። ለሾፌሩ ደብዳቤ ሰጥቼው ነው የመጣሁት። ለስፌት ቤቱ። ቦታዬን ለሌላ ስጡት አልኳቸው።»

«አንቺ ልጅ! እኔ መቼ ቅሪ አልኩሽ?»

«ስድስት ገጽ አልክ።»

«ፖሉ ባይመጣስ?»

«ካልመጣ ከባለወፍጮዋ ጋር ሦስት ሆነን ከተማ ሄደን እናማርራለን። እስኪመጣ ባንተው መኪና በተራ እንረግጣለን፣ ምን ይደረግ።» ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። የቆረጠውን አንስታ በሁለት እጇ ዘረጋችው። «ይህ የማን ሱሪ ነው?»

«የዘበኛው።»

«ዘበኛው አንድ እግሩ አጭር ነው?»

ሰፊው ሱሪውን አየ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። «አይደለም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ተነስ እስቲ፣ ልየው።»

ተነሳላት። መቀመጫው ላይ ተቀመጠች፣ ጠመኔውን አነሳች፣ ጨርቁን ገለባበጠችው። ከረጅሙ በኩል ብታሳጥር ያዋጣ እንደሆነ በጣቷ ለካች። ሰፊው እንደ ተማሪ አጠገቧ ቆሞ ጥቂት ተቁነጠነጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገቤንም ያመኛል» አላት። «ከዓምና ጀምሮ።»

«ቁጭ በል፣ እየሰማሁህ ነው» አለችው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እየወሰደች።